ግብርና ደረሰው ብላችሁ አትዘኑ

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ «ሐኪም ይሆናል ስንል ግብርና ደረሰው» ብለው ፊታቸው የሚጠቁር ወላጆች እዚህ ድሬዳዋም አሉ። ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ ነኝና ሕክምናን አላጣጥልም። ግን በምግብ እጥረት የከሳ ሕፃን አገግሞ ወደ ባዶ ጎተራ ሲመለስ ስንቴ አይቻለሁ!

ከዚሁ ከጎረቤታችን ከዓለማያ ኮሌጅ፣ ከዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተመረቁትን ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታን እዩ። አሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ባለው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ1978 ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ ኋላም እዚያው አስተማሪ ሆኑ። ዕድሜ ልክ የሠሩት በማሽላ ነው፣ በኛው በማሽላ! በ1983 ለሱዳን ገበሬ ድርቅ የሚቋቋም ድቅል ማሽላ አወጡ። ቀጥለው ከባልደረቦቻቸው ጋር አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር አዘጋጁ። አቀንጭራን የሐረርጌ ገበሬ ያውቃታል፤ አበባዋ ያምራል፣ ከመሬት በታች ግን የማሽላውን ሥር ይዛ ትመጠምጠዋለች። ዘሯ አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ማረም ብቻውን አይበቃም። ለዚህ ሥራቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ፤ በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተቀበሉ።

እኔን ከሁሉ የሚደንቁኝ እናታቸው ናቸው። በአንዲት የሣር ጎጆ ያሳደጉትን ልጅ በሌላ ከተማ ትምህርት ቤት አስገቡት። ልጁ እሁድ እሁድ 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ ይሄዳል፣ ዓርብ ይመለሳል። ስልክ የለ፤ በደህና መግባቱን እናት የምታውቀው ዓርብ ማታ በሩን ሲያንኳኳ ነው።