ከአብራሪው ስህተት ጀርባ

ወታደራዊ ሄሊኮፕተር በወደቀ ቁጥር «የአብራሪ ስህተት» የሚለው ፍርድ ፈጥኖ ይሰማል። ፍርዱ እውነትነት አያጣም፤ የሚጎድለው ግን ብዙ ነው። ለአሜሪካ ኮንግረስ የሚሠራው የመንግሥት ኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ የአገሪቱ ብሔራዊ ዘብ ሄሊኮፕተሮች ከ2012 እስከ 2021 ከውጊያ ውጭ የደረሱባቸውን 298 አደጋዎች ሲመረምር በዋናነት ያገኘው የሰው ስህተትን ነው። ያው ሪፖርት ግን ሄሊኮፕተሮቹ ለጥገና ስለሚቆሙ አብራሪዎቹ በቂ የበረራ ሰዓት እንደማያገኙ፣ መለማመጃው ሲሙሌተርም እንደ ልብ እንደማይገኝ ይናገራል። በቂ ልምምድ ሳያገኝ የተላከ ሰው ሲሳሳት ላኪውም አብሮ ሊጠየቅ ይገባል።

ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ምሽት፣ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው ከአሌክሳንድሪያና ከአርሊንግተን አጠገብ፣ ብላክ ሆክ የተባለ ወታደራዊ ሄሊኮፕተር በፖቶማክ ወንዝ ላይ፣ በዋሽንግተን አየር ማረፊያ ሊያርፍ ከተቃረበ የመንገደኞች አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 67 ሰዎች አለቁ። ለሄሊኮፕተሩ የተወሰነው ከፍታ 200 ጫማ ሲሆን፣ ሲጋጭ ወደ 280 ጫማ ተጠግቶ ነበር። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው ጥፋተኛውን ያገኘ ይመስለዋል። የብሔራዊ ትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርማሪዎች ግን አላቆሙም። ሄሊኮፕተሩ በነበረበት ሻለቃ ባሉ ሌሎች ሄሊኮፕተሮች ላይ በተደረገ የበረራ ሙከራ፣ በአየር ግፊት የሚሠራው የከፍታ መለኪያ ከ80 እስከ 130 ጫማ ዝቅ አድርጎ ሲያሳይ ተገኘ። ዓይኑን ከመሣሪያው ያልነቀለ አብራሪ እንኳ ሳያውቀው ከተፈቀደለት በላይ ሊበር ይችል ነበር። የሄሊኮፕተሩ የበረራ መንገድ ነገር ደግሞ ከዚህም ይከፋል፦ ሄሊኮፕተሩ ከፍታውን ቢጠብቅም፣ ወደ 33 ቁጥር ማኮብኮቢያ ከሚወርድ አውሮፕላን ጋር ያለው ርቀት እስከ 75 ጫማ፣ ማለትም እስከ 23 ሜትር ያህል፣ ሊጠብ ይችል ነበር።

ኃላፊነትን ወደ ላይ መግፋት የበረራ ዲሲፕሊንን ያላላል የሚሉ አሉ። ስጋታቸውን አልንቀውም፤ በጭጋግ ውስጥ ወደ ተራራ የበረረ አብራሪ ሊጠየቅ ይገባል። ነገር ግን የብሪታንያን ታሪክ ይመልከቱ። ጁን 2 ቀን 1994 ስኮትላንድ ውስጥ ሙል ኦቭ ኪንታየር በተባለው ቦታ ቺኑክ ሄሊኮፕተር በጭጋግ ኮረብታ መትቶ 29 ሰዎች ሞቱ። ሁለት የአየር ኃይል ከፍተኛ መኮንኖች የሞቱትን አብራሪዎች በከባድ ቸልተኝነት ፈረጁ፤ ደንቡ ግን በሟች ላይ እንዲህ የሚፈረደው ቅንጣት ጥርጣሬ ሲጠፋ ብቻ ነው ይል ነበር። በሞተር መቆጣጠሪያው ሶፍትዌር ላይ ደግሞ ያኔም ጥያቄ ነበር። ሙት ወቃሽነት በባህላችን ነውር ነው፤ እዚያ ግን ፍርዱ እስኪሻር እስከ 2011 ተጠበቀ። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት የትኛው ዲሲፕሊን ጠነከረ?

በዋሽንግተን ያ የሄሊኮፕተር መንገድ የተዘጋው ከአደጋው በኋላ በማርች 2025 ነው። ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 በአየር ማረፊያው አካባቢ ሄሊኮፕተርና አውሮፕላን ከልክ በላይ የተቀራረቡባቸው 15,214 ክስተቶች ግን አስቀድሞ መዝገብ ላይ ሰፍረው ነበር።