ደለሉ ሳይለካ ግድቡ አይታመንም

በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ አፋር ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ካፈናቀለ ወዲህ፣ ክረምት በገባ ቁጥር የሚሰማው ማብራሪያ ተመሳሳይ ነው፦ ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ጥሏል፤ ግድቦቹም ሞልተዋል። ይህ ጋዜጣ ማብራሪያው ሐሰት ነው አይልም። የሚያሳስበው ሳይነገር የሚቀረው ነው። ግድቡን የሞላው ውሃው ብቻ ነው ወይስ አፈሩም ጭምር?

ጥያቄው ለደቡብ ወሎ ሩቅ አይደለም። ከተሁለደሬ ወረዳ፣ ከሱሉላ በስተ ምዕራብ ካለው ከፍታ የሚነሳው የሚሌ ወንዝ በአምባሰል በኩል የሚወርደውን ጎርፍ እየሰበሰበ በረሃ ይገባና ከአዋሽ ይቀላቀላል። ከመቀላቀያው በታች ደግሞ የተንዳሆ ግድብ አለ። በዚያው በተሁለደሬ ወዳለው ሐይቅ የሚወርደው አፈር መውጫ ስለሌለው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይቀራል። በሚሌ የሄደው ግን የዱብቲንና የአሳይታን ሰው ከጎርፍ ይከላከላል የተባለውን የግድቡን ቦታ ይይዛል።

ማስጠንቀቂያው ከደጃችን ነው። ኮምቦልቻ አጠገብ የተሠራው የቦርከና ግድብ ወግ ያለው አገልግሎት ሳይሰጥ በደለል ተሞልቷል። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብም አርባ ዓመት ሳይሞላው ከመያዝ አቅሙ ሲሶ የሚጠጋውን አጥቷል።

ስህተቱ የሚጀምረው ከደለሉ ግምት ነው። በደረቅ አካባቢ የዓመቱ ደለል በየቀኑ እኩል አይመጣም፤ አብዛኛውን የሚያወርዱት ጥቂት ደራሽ ጎርፎች ናቸው። ናሙና የሚቀዳው ግን ወንዙ ጋብ ብሎ ሰው ሊጠጋው በሚችልበት ቀን ነው። ደራሹ ሌሊት ሲመጣ ለካይ የለም። ወለሉን እየታከከ የሚንከባለለው አሸዋና ጠጠርም ከውሃው ጋር አይቀዳም። ስለዚህ የጎርፉ ቀን መጠን ከሰከነው ቀን ተነስቶ ይሰላል፤ ወይም የሌላ ተፋሰስ ቁጥር ይወሰዳል።

ሌላም አለ። መሐንዲሶች የግድቡን የታችኛውን ክፍል ለደለል ማረፊያ ብለው ይተዋሉ። ደለሉ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። ወንዙ ወደ ግድቡ ሲገባ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ከባዱን አፈር እዚያው መግቢያው ላይ ይጥለዋል፤ ጎርፍ ሊያዝበት የሚገባው የላይኛው ቦታ ከታችኛው ቀድሞ ይጠባል። ጎርፍ ለመከላከል በታሰበ ግድብ ላይ ከዚህ የከፋ ኪሳራ የለም።

የአምባሰልና የተሁለደሬ አርሶ አደር በየበጋው በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ድንጋይ ተሸክሞ እርከን ይሠራል፣ ክትር ይገነባል። ሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው የእርከኑ ርዝመትና የሄክታሩ ብዛት ነው። ያ ሁሉ ጉልበት ስንት ቶን አፈር አስቀረ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባ ነበር። የሚሌ ደለል ካልተለካ መልሱ ከየት ይገኛል?

የአዋሽን ተፋሰስና ግድቦቹን የሚያስተዳድሩት መሥሪያ ቤቶች ከባድ ኃላፊነት እንዳለባቸው ይህ ጋዜጣ ይረዳል፤ ጣቱንም በአንድ ባለሥልጣን ላይ አይቀስርም። የሚጠይቀው ግን ቀላል ነው፦ የተንዳሆ ወለል በጀልባ ላይ በሚሠራ የድምፅ ሞገድ መሣሪያ በየጥቂት ዓመቱ ይለካ፤ በሚሌ ላይ ደራሹ በሚመጣበት ሰዓት ራሱ ናሙና የሚወስድ መሣሪያ ይተከል፤ ውጤቱም ከመጪው ክረምት በፊት ለዱብቲና ለአሳይታ ነዋሪ፣ ለአምባሰልና ለተሁለደሬ ወረዳዎችም በግልጽ ይነገር።