ነፋስ የሚወስደው ውኃ ይታሰብበት

በበጋ ወራት በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ውኃ ለማግኘት ብዙ እንደሚደክም ይታወቃል። በስምጥ ሸለቆ፣ በመቂና በዝዋይ (ባቱ) አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርቱ ገበሬዎች ውኃ በሞተር እየሳቡ ለነዳጅ ገንዘብ ያወጣሉ። ይሁንና ማሳው ከጠጣው ውኃ ከፊሉ ለሰብሉ ሳይደርስ በፀሐይና በነፋስ ተንኖ ይጠፋል። ፀሐይን መከልከል አይቻልም፤ ነፋስን ግን መግታት ይቻላል።

ከእርጥብ አፈርና ከቅጠል የሚወጣው እንፋሎት በማሳው ላይ እርጥበት ያለው ስስ አየር ይፈጥራል። አየሩ ጸጥ ካለ እርጥበቱ እዚያው ስለሚቆይ ትነቱ ይቀንሳል። ነፋስ ሲበረታ ግን እርጥቡን አየር ጠርጎ በምትኩ ደረቅ አየር ያመጣል፤ አፈሩም እንደገና ውኃውን ያጣል። የታጠበ ልብስ በነፋሻ ቀን ቶሎ የሚደርቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከነፋሱ አቅጣጫ ጋር ተሻጋሪ ሆኖ የተተከለ የዛፍ ረድፍ የዛፉን ቁመት 10 እጥፍ እስከሚሆን ርቀት ድረስ የነፋሱን ፍጥነት በጉልህ ይቀንሳል። ስለዚህ 8 ሜትር ቁመት ያለው ረድፍ 80 ሜትር ያህል ማሳ ይከላከላል። በኒጀር በማጂያ ሸለቆ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የኒም ዛፍ በረድፍ ተተክሎ የተጠለሉት ማሳዎች ምርት ከፍ ብሏል። የተጠለለ ሰብል በደንብ ስለሚያድግ የሚጠጣው ውኃ ሁልጊዜ ያነሰ ላይሆን ይችላል፤ ዋናው ትርፍ ያው ውኃ የበለጠ ምርት መስጠቱ ነው።

ዛፍ ሁሉ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዛፉም ራሱ ይጠጣል፤ ሥሩ በሚደርስበት ቦታ ሰብል ይቀጭጫል። በዚህ ረገድ የባሕር ዛፍ ጉዳት የታወቀ ነው። ረድፉ እንደ ግንብ ከተደፈነም ነፋሱ ዘሎ ከበስተጀርባው እየተሽከረከረ ይወርዳል፤ ግማሽ ያህሉን የሚያሳልፍ ረድፍ ይሻላል። መሐሉ ከተከፈተ ደግሞ ነፋሱ በክፍተቱ በርትቶ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ሥራው የአንድ ገበሬ ብቻ አለመሆኑ መታወቅ አለበት። ነፋሱ በጫፍና በጫፍ እንዳይዞር የረድፉ ርዝመት ቢያንስ የቁመቱን 10 እጥፍ መሆን ይገባዋል። የግማሽ ሄክታር ማሳ አንዱ ጎን 50 ሜትር ቢሆን ለ8 ሜትር ዛፍ አይበቃም። ረድፉ የብዙ ሰው ድንበር መሻገሩ የግድ ነው። ዛፉ የቆመበት ገበሬ መሬት ያጣል፤ ጥቅሙ ግን ከነፋሱ በታች ላለው ጎረቤቱም ይደርሳል። ይህ ካልተስተካከለ ችግኙ በሌሊት ቢነቀል ሊያስገርም አይገባም።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከተከላው በፊት አባላትን ሰብስበው መስማማት ይኖርባቸዋል። ረድፉ በተቻለ መጠን በድንበርና በመንገድ ዳር ይሁን። ከቅርንጫፉና ከእንጨቱ ቅድሚያ የሚያገኘው መሬት የሰጠው ገበሬ ይሁን። በበጋ ከብት የሚጠብቀው ተራ አስቀድሞ ይደልደል። የበጋው ነፋስ በአብዛኛው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ቢነሳም ተራራና ሐይቅ ስለሚለውጡት አቅጣጫው በየማሳው ይረጋገጥ።

ችግኙ ክረምት ሲገባ እንዲደርስ የችግኝ ጣቢያው ሥራ በበጋ መጀመር አለበት። ለሞተር ነዳጅ የሚያዋጣ ማኅበር የተሳበው ውኃ በነፋስ እንዳይወሰድበትም ሊያስብ ይገባዋል።