ከሩጫ መልስ የተቀዳ ደም

ሽሮ ሜዳ አካባቢ ካሉት ላቦራቶሪዎች ደጃፍ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሚጠብቀው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሌሊቱን ሲያተኩሰው ያደረ በሽተኛ ነው። ሌላው ከእንጦጦ ሩጫ ወርዶ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ «ሥራ ከመግባቴ በፊት ልገላገል» ብሎ የመጣ ጤነኛ። የሁለቱንም ክንድ ያው ጎማ ያስረዋል፣ የሁለቱም ደም ሐምራዊ ክዳን ያለው ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፣ ማሽኑም ለሁለቱም አንድ ዓይነት ወረቀት ያትማል። «ዛሬ ሮጠሃል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሲቢሲ በሚባለው በዚያ ወረቀት ላይ ፕላትሌት የሚል መስመር አለ። ስንቆረጥ ደማችንን የምታረጋው፣ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ብቻ የምትኖረው ደቃቃ ነገር ናት። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ከተገኘች ደህና ነው ይላል አጠገቧ የታተመው መለኪያ። ብዙዎቻችን ቁጥሩን እንደ ቁመታችን የማይነቃነቅ አድርገን ነው የምናነበው።

ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ከፕላትሌቶቻችን ሲሶ ያህሉ ጣፊያ ውስጥ ነው የሚውለው። ሰው ዳገት ሲሮጥ አድሬናሊን ይጨምራል፣ ጣፊያ ይኮማተራል፣ ያከማቸውን ወደ ደም ይለቃል። ላቡም ከደሙ ውሃ ስለሚቀንስ የቀረው ይወፍራል። ብርቱ እንቅስቃሴ ቁጥሩን ከ20 እስከ 30 በመቶ ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ካረፉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። ፕላትሌትን የሚሠራው መቅኔ ግን በዚያች ሰዓት አዲስ የሠራው ነገር የለም። እንግዲህ አስቡት፦ ቁጥሩ 140 ሺህ የሆነ ሰው ከእንጦጦ ወርዶ ወዲያው ቢቀዳ 170 ሺህ ሆኖ «ምንም የለብህም» ተብሎ ሊሸኝ ይችላል።

የጣፊያን ጉልበት በደንብ የሚያውቁት የመተማና የሁመራ ሐኪሞች ናቸው። ካላዛር የተባለው በሽታ የያዘው የቀን ሠራተኛ ጣፊያው አብጦ ሆዱን ሲሞላው ፕላትሌቱን ይዞ ያስቀርበታል፣ አፍንጫውና ድዱ ይደማል። ያው አንድ ዕቃ ቤት ነው፤ ለሯጩ ይከፈታል፣ በታማሚው ላይ ይቆለፋል።

ሩጫው ቁጥሩን ከፍ ካደረገ፣ ሯጩ የሚሞቀው የጠዋት ፀሐይ ብርሃንስ? እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። የሰውነታችንን ሰዓት የሚሞላው በዓይናችን የሚገባው ብርሃን ነው፤ የፕላትሌትም ጠባይ ከዚያ ሰዓት ጋር ይሄዳል። ቁጥሩ ከሰዓት በኋላ በመጠኑ ከፍ ይላል። ጠዋት ከአልጋ ተነስተን ስንቆም ደግሞ እርስ በርስ የመጣበቅ ዝንባሌዋ ይበረታል፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ከንጋቱ 12 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ይባላል። የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ጥናት፣ ቀኑን በቀይ ብርሃን የዋሉ አይጦች በነጭና በሰማያዊ ብርሃን ከዋሉት ያነሰ የደም መርጋት ታይቶባቸዋል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ ማየት በማይችሉ አይጦች ላይ ለውጥ አልመጣም፣ ብርሃኑን በቀጥታ ደሙ ላይ ቢያበሩትም እንዲሁ። መንገዱ በዓይን በኩል ነው ማለት ነው። አይጥ አይጥ ነውና «ፀሐይ ሙቅ፣ ፕላትሌትህ ይጨምራል» ለሚል የሰፈር መካሪ ከዚህ የሚደርሰው ማስረጃ የለም። ደግሞም እኛ ዘንድ የሰኔና የታኅሣሥ ቀን ርዝመት ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ የብርሃን ወቅት ጉዳይ ስቶክሆልም ያሉትን ዘመዶቻችንን ይበልጥ ይመለከታል።

ለጉለሌ ሰው ከብርሃኑ በላይ የሚያሳስበው መለኪያው ራሱ ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ያለው የዛሬው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ በሌላ ስም ይጠራ በነበረበት ጊዜ፣ የኢትዮ–ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክትን አስጠልሎ ነበር። በዚሁ ፕሮጀክት አስቴር ፀጋዬና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት 485 ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን መርምረው አማካይ የፕላትሌት ቁጥራቸው 205 ሺህ ሆኖ አገኙት። ማሽኑ ከሚያትመው ክልል መሐል፣ ማለትም ከ300 ሺህ፣ ምን ያህል እንደሚርቅ ተመልከቱ። ጤነኛው ሕዝባችን ከታችኛው ድንበር ጠጋ ብሎ ነው የሚኖረው ማለት ነው፤ ትንሽ ዝቅ ያለ ሁሉ ከወሰን ውጭ ይወድቃል።

ጎረቤቴ የሆኑ እናት ባለፈው ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። ከፕላትሌት ቁጥራቸው፣ ከ132 ሺህ፣ አጠገብ ወደ ታች የምታመለክት ቀስት አለች። «ልጄ፣ ይቺ ቀስት የደም ካንሰር ናት እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ እማማ፣ አይደለም፤ ግን ይደገም» አልኩ። ሲደገም ባለሙያው ጠብታዋን መስታወት ላይ አስምሮ በማይክሮስኮፕ አየ። ፕላትሌቶቹ ተቋጥረው ተከማችተዋል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ የተባለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል በአንዳንድ ሰው ደም ላይ እንዲህ ያደርጋል፤ ማሽኑም የተቋጠረውን እንደ አንድ ይቆጥረዋል ወይም ጭራሽ ያልፈዋል። እማማ የሳምንት እንቅልፋቸውን ያጡት በዚህ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ላቦራቶሪዎቻችን ከማሽኑ ጋር ከውጭ የመጣውን መለኪያ ትተው በአገራችን ሰው ደም የተሠራውን ያትሙ። ቀስት ሲወጣ ታካሚው እጅ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው በማይክሮስኮፕ ይየው። መርፌ የያዘው ባለሙያም ደም ከመቅዳቱ በፊት መሮጥ አለመሮጡን ይጠይቅ፣ የተቀዳበትን ሰዓት ይጻፍ፣ ላብ ያጠመቀውን ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ ያሳርፈው። ድዱ የሚደማ፣ ቆዳው ላይ ያለ ምክንያት ቀይ ነጠብጣብ የወጣበት ግን ወረቀትም ቀስትም ሳይጠብቅ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሯጩ ደግሞ መጀመሪያ ይቀዳና እንጦጦን ከዚያ ይውጣ።