ዜማው ሲታደስ ባለቤቱ አይረሳ

ባለፈው ወር በግቢያችን በተደረገው የዳንስ ምሽት ዲጄው የቦብ ማርሌን «ዋር» የተባለውን ዘፈን ከአዲስና ፈጣን የዳንስ ምት ጋር አዋሕዶ አሰማን። ከዘፈኑ ቃሎች የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም «ጦርነት» ማለት ነው። ምቱ በተመለሰ ቍጥር ይኸው ቃል እየተደጋገመ ይጮኻል። እኛም እጃችንን ወደ ላይ እያነሣን ጨፈርን። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎን ነበር።

በማግሥቱ በምግብ አዳራሽ ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን «ይህ የሞተ ሰው ንብረት መዝረፍ ነው፤ በማኅበራችን ምሽት ሁለተኛ እንዳይሰማ» አለ። ሌላው ወገን «ዘፈን የተሠራው ለጭፈራ ነው፤ የአባቶቻችን ሸክላ ሁሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ ወይ?» ሲል መለሰ። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች ነገሩን ከሥሩ አልያዙትም እንላለን።

አስቀድመን ለከልካዮቹ እንመልስ። የቆየውን ሸክላ ለውጦ መሥራት የዛሬ ልጆች የፈጠሩት ብልሃት አይደለም። የጃማይካ ሙዚቃ ራሱ ያደገው በዚሁ መንገድ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) የኪንግስተን ሸክላ አሳታሚዎች በአንዱ ገጽ ዘፈኑን፥ በሌላው ገጽ ደግሞ የዘፋኙ ድምፅ የወጣለትን «ቨርሽን» ማተም ጀመሩ። ቀጥሎም ኪንግ ተቢ የተባለው የድምፅ መሣሪያ ጠጋኝ ድምፁን እያጠፋና እየመለሰ፥ እንደ ገደል ማሚቶ እያስተጋባ «ደብ» የተባለውን ጥበብ አስፋፋ። እንግዲህ ዘፈንን ፈትቶ እንደ ገና መስፋት ጥፋት ከሆነ፥ የመጀመሪያዎቹ ጥፋተኞች የሬጌ ሊቃውንት ራሳቸው ናቸው።

ይሁን እንጂ ልዩነት አለ። ኪንግ ተቢ የዘፋኙን ድምፅ ሲያወጣ ቤዙንና ከበሮውን አጕልቶ ያስቀር ነበር። ዛሬ የምንሰማው የዳንስ ሪሚክስ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ዝነኛውን ድምፅ ያስቀርና ተጫዋቾቹን ያሰናብታል። «ዋን ድሮፕ» በሚባለው የሬጌ አመታት የመጀመሪያው ምት ባዶ ይተውና የከበሮው ክብደት በሦስተኛው ላይ ያርፋል። የዳንስ ቤቱ ከበሮ ግን አራቱንም እኩል ይደልቃል። በ1999 ፈንክስታር ዴ ሉክስ የተባለው የዴንማርክ ሙዚቀኛ የማርሌን «ሰን ኢዝ ሻይኒንግ» በዚህ ዓይነት ሠርቶ በአውሮፓ ዳንስ ቤቶች ገናና አደረገው። ብዙ ወጣት ማርሌን ያወቀው በዚህ ምክንያት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የማርሌን ባንድ ምት ያቆሙት ወንድማማቾች፥ ከበሮ መቺው ካርልተን ባሬትና ቤዝ ተጫዋቹ አስተን ባሬት፥ የት ደረሱ? አስተን ባሬት በ2006 ድርሻዬ ይከፈለኝ ብሎ በሎንዶን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሶ ተረታ። በ2024 ዐረፈ።

አሁን ደግሞ «ለጭፈራ ነው» ለሚሉት። «ዋር» በ1976 የወጣ ዘፈን ነው። አብዛኛው ቃሉ የተወሰደው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ካደረጉት ንግግር ነው። ስለ ንጉሡ አገዛዝ የየራሳችን አስተያየት ይኖረናል፤ ያን እዚህ አናነሣም። ንግግሩ ግን እኩልነት በሌለበት ሰላም አይጸናም የሚል፥ ገና በቅኝ ግዛትና በዘር መድልዎ ሥር ለነበሩት አፍሪካውያን የቆመ ነበር። በዘፈኑ ደራሲነት ከተመዘገቡት ሁለት ሰዎች አንዱ ይኸው ከበሮ መቺው ካርልተን ባሬት ነው። እንግዲህ በዚያ ምሽት የሰማነው ምንድን ነው? ከበሮው የካርልተን አይደለም። ቃሉ ተቈርጦ የሰላም ጥሪው የጦር ጩኸት ሆኗል። ንግግሩ ከዚህ አገር የወጣ ሆኖ ሳለ፥ የዚህ አገር ተማሪዎች ምንነቱን ሳናውቅ ጨፈርንበት። እኛን ያሳፈረን ጭፈራው ሳይሆን አለማወቃችን ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ1969 «አቢሲኒያንስ» የተባሉ ሦስት የጃማይካ ወጣቶች «ሳታ ማሳጋና» የተባለ መዝሙር በስቱዲዮ ዋን ቀረጹ። ርእሱ የእኛው «ሰጠ» እና «ምስጋና» ነው። የስቱዲዮው ባለቤት ገበያ አይኖረውም ብሎ ሳያሳትመው ቀረ። ልጆቹ ቴፑን ገዝተው በ1971 በራሳቸው ስም አወጡት። ሕዝብ ሲወደው ግን ባለቤቱም በዚያው ቅጂ ላይ የራሱን ቨርሽኖች አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ሙዚቀኛ እንደ ገና እንደ ሠራው ቈጥሮ መጨረስ አይቻልም። ጃማይካ የራሷን የቅጂ መብት ሕግ ያወጣችው በ1993 ነው። ብዙ ጌቶች እጃቸው ባዶ እንደ ሆነ የቀሩት እንዲህ ባለው ዘመን ነበር።

ለእኛ ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ያሳፍራል፤ የቀደሙትን ቅኔ የሚጠቅስም ባለቤቱን በስሙ ይጠራል። ታዲያ በኮምፒዩተር ዜማ የሚያዋሕድ ተማሪ ከዚህ ሥርዓት ለምን ነፃ ይሆናል? ይህን የምንለው ስለ ጃማይካ ብቻ አይደለም። በመኝታ ክፍላቸው የአገራችንን አሮጌ ሸክላዎች እየፈቱ የሚሠሩ ጓደኞች አሉን፤ ሥራቸውንም እንወዳለን።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ በዳንስ ምሽት የታደሰ ዘፈን ሲቀርብ የዘፋኙና የተጫዋቾቹ ስም፥ የተቀረጸበትም ዓመት ይነገር። ሁለተኛ፥ ሥራውን ለሕዝብ የሚያወጣ ተማሪ ባለመብቱን ያስፈቅድ፤ ገንዘብ ካገኘበትም ያካፍል። ሦስተኛ፥ መምህሮቻችን ቢረዱን በወር አንድ ማታ ሸክላ የምናዳምጥበት ሰዓት ይከፈት።

የሚከለከል ነገር አንፈልግም። በሚመጣው ምሽት ዲጄው ያንኑ ሪሚክስ ቢያመጣ እኛም እንጨፍርበታለን። ከዚያ በፊት ግን መብራቱ ሳይጠፋ፥ የመጀመሪያው «ዋር» ከነከበሮው እስከ መጨረሻው ይሰማልን።