«ጫት» ብለው ያነበቡት እናት ተሳስተዋልን?

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ስለ ጽዳት፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት ሰዓትና ስለ እግር ኳስ ነው። ዛሬ ግን በማታው የጎልማሶች ክፍል ጀማሪዎችን እንግሊዝኛ የምናስተምር አምስት ሠልጣኞች ስለ ራሳችን ጥፋት ለመጻፍ ተነሥተናል። ጥፋቱ ለአንዳንዱ ትንሽ ይመስለው ይሆናል። አንድ ሳቅ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርቱን ከጀመርን ሦስተኛ ሳምንታችን ነበር። ክፍሉ ውስጥ የባጃጅ ሾፌር አለ፤ የጥበቃ ሠራተኞች አሉ፤ ቀፊራ ገበያ አትክልት የሚሸጡ እናቶች አሉ፤ ድሮ ምድር ባቡር ይሠሩ የነበሩ፣ ፈረንሳይኛን እንደ ውሃ የሚጠጡ አንድ አባትም አሉ። ሰሌዳው ላይ ሲ፣ ኤ፣ ቲ ብለን ሦስት ፊደል ጻፍንና «ማን ያነብልናል?» አልን። ድመት ሥለን ከጎኑ ብናደርግ ጥሩ ነበር፤ ግን ከመካከላችን ሥዕል የሚችል ሰው የለም። ከቀፊራ ከሚመጡት እናቶች አንዷ እጃቸውን አወጡ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን እጅ አውጥተው አያውቁም። ተነሡና ጮክ ብለው «ጫት!» አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ያውም በምሽት፣ ጫት የሚለው ቃል ከመማሪያ ክፍል ሲወጣ ምን እንደሚመስል ለናንተ መንገር አያስፈልግም። እኛም ሳቅን። መምህር ከሳቀ ደግሞ ተማሪው ፈቃድ አገኘ ማለት ነው። እናትየዋ አብረውን ፈገግ ብለው ተቀመጡ። በሚቀጥለው ክፍል አልመጡም። ከዚያም ወዲህ አልመጡም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ «ጎልማሳ እኮ ነው፣ ሥራ ይበዛበታል፣ ይቀራል» እያልን ራሳችንን ስናጽናና ሰነበትን። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በኦሮምኛ ቋንቋ የሚሠለጥን ጓደኛችን ታሪኩን ሰማ። አልሳቀም። «ልክ እኮ ነው ያነበቡት» አለን።

እንዴት ልክ ይሆናል ብለን ተከራከርነው። ደብተሩን አውጥቶ አሳየን። በቁቤ ሲ የምትባለው ፊደል ብቻዋን ስትጻፍ «ጭ» ናት። ኤዋ አንድ ብቻ ስለሆነች አጠር አድርጎ ማንበብ ይገባል እንጂ፣ «ጫት» ያለ ሰው ፊደሉን ከነድምፁ ያውቃል። ኤክስ ደግሞ «ጥ» ናት። ኪው «ቅ» ናት። ኦ ሁለት ጊዜ ሲደረደር የተሳበ «ኦ» እንጂ «ኡ» አይደለም፤ ስለዚህ እኛ «ቡክ» ብለን የምናነበውን መጽሐፍ የሚለውን ቃል እሱ በልጅነቱ ባጠናው ሕግ «ቦክ» ቢለው ምን ያስቃል?

ይህን ስንሰማ ሱማልኛ ተናጋሪ ወደሆነች ጓደኛችን ሄድን። ለሷ ሲ ማለት እንደ ዐረብኛው «ዐይን» ከጉሮሮ የሚወጣው ድምፅ ነው። ኤክስ ደግሞ ጠንካራው «ሐ» ነው። (እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ዐና ሐን በጽሑፍ እንጂ በአፍ ከተውናቸው ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ስለዚህ ስንሞክር እሷ በተራዋ ሳቀችብን፤ ይገባናል።) ሣጥን የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለሦስታችን ብትጽፉልን እኛ «ቦክስ»፣ ጓደኛችን «ቦጥ»፣ እሷ «ቦሕ» ብለን እናነባለን። ሦስታችንም ማንበብ እንችላለን። ያ ባቡር ሠራተኛ የነበሩት አባት ደግሞ አራተኛ ናቸው፤ ጠረጴዛ የሚለው ቃል በፈረንሳይኛም በእንግሊዝኛም አጻጻፉ አንድ ነውና ዘወትር «ታብል» ይሉታል፤ «ቴብል» በሏቸው ብንል እሺ ይሉንና መልሰው «ታብል» ይላሉ።

እንግዲህ እኛ «ጀማሪዎች» ብለን የመዘገብናቸው ሰዎች ጀማሪዎች አልነበሩም ማለት ነው። የላቲኑን ፊደል ይዘው ነው የመጡት፤ ግን እያንዳንዱ ከየቤቱ ይዞ መጣ። ድሬዳዋ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ነገር የተፈጠረች ከተማ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሲደርስ ፈረንሳይኛን ይዞ ገባ። የኦሮምኛ ቁቤ በ1984 ዓ.ም. ተወሰነ። ሱማሊያ ለቋንቋዋ የላቲኑን ፊደል በ1965 ዓ.ም. መረጠች፤ ዛሬ የኛም የሱማልኛ ትምህርት በዚያው ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛውም ሱማልኛውም የተማረው በግዕዝ ፊደል ነበር። ስለሆነም ከአንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ሁለት ኦሮምኛ ተናጋሪዎች፣ አንዱ በዘመቻው ጊዜ የተማሩ ሽማግሌ፣ አንዱ በቁቤ የተማረ ወጣት፣ ለእንግሊዝኛው ፊደል ያላቸው ቅርበት የሰማይና የምድር ያህል ነው። ሽማግሌው ሲን አያውቋትም፤ ወጣቱ ሌላ ሲ ያውቃል። የቱ ይከብዳል ቢባል የሁለተኛው ይመስለናል። የማያውቁትን መማር ይቀላል፤ የሚያውቁትን ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ ግን ለማንም ከባድ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኛ አሁን የጀመርነው ይህ ነው። በመጀመሪያው ቀን «በምን ፊደል ማንበብ ይችላሉ?» ብለን እንጠይቃለን። ከዚያ ፊደሎቹን ለሁለት እንከፍላቸዋለን። ቢ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ኤል፣ ኤም፣ ኤን፣ ኤስ፣ ቲ በቁቤም በሱማልኛም በእንግሊዝኛም ድምፃቸው ያው ነው፤ ኤስና ኤች ሲጣመሩም በሦስቱም «ሽ» ናቸው። እነዚህን «እነዚህማ የናንተው ናቸው» ብለን በአንድ ምሽት እናልፋቸዋለን። ሲ፣ ኤክስ፣ ኪውና የተደረደሩት አናባቢዎች ግን ቀይ ጠመኔ ይገባቸዋል። ቀይ ጠመኔ ማለት «እዚህ ጋ ቤት ተቀይሯል፤ ተጠንቀቁ» ማለት ነው፤ «ተሳስታችኋል» ማለት አይደለም።

ስለ ሰዋስው ደግሞ አንዳንድ መምህሮቻችን «ጎልማሳ ሰዋስው ካልያዘ መሠረት የለውም» ይላሉ። በዚህ እንስማማለን፤ ያውም ጎልማሳ ከልጅ ይልቅ «ለምን?» ይላል፤ ምክንያቱ ካልተነገረው አይለቅም። የማንስማማው የጊዜያቱን ሠንጠረዥ ሰሌዳ ሙሉ አስገልብጦ መሸኘቱ ላይ ነው። እኛ ራሳችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያን ሠንጠረዥ እንደ ዳዊት ደግመናል። የጊዜያቱን ስም ሁሉ እናውቃለን። አንድ ገጽ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፉ ብንባል ግን፣ እውነቱን እንናገርና፣ ላብ ያጠምቀናል።

ለጀማሪ ጎልማሳ ሁለት ነገር ይበቃል ብለን እናምናለን። አንደኛው የግሡ ቦታ ነው። በአማርኛ «እኔ ውሃ እጠጣለሁ» እንላለን፤ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው። በኦሮምኛም፣ በሱማልኛም፣ በሐረሪም ያው ነው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን «አይ ዋተር ድሪንክ» ሲሉ የገዛ ቋንቋቸውን ሕግ ጠብቀው ነው። ይህን በሠንጠረዥ ሳይሆን በሰው አሳየን። ሦስት ሰው ሦስት ካርቶን ይዞ በአማርኛ ተራ ቆመ፤ ከዚያ ሦስተኛውን ጎትተን መሐል አስገባነው። የባጃጁ ሾፌር ምን አለ? «እንደ ባጃጅ ሾፌሩ መሐል ነው የሚቀመጠው በሉኛ!» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግሥን «ሾፌሩ» ነው የምንለው። ፈረንሳይኛ የሚያውቁት አባት ግን በዚህ አልተቸገሩም፤ የፈረንሳይኛውም ሾፌር መሐል ነው።

ሁለተኛው ባለቤቱ ነው። «መጣሁ» ስንል ጭራዋ ላይ ያለችው «ሁ» እኔን አዝላዋለች፤ ስለዚህ «እኔ» ማለት ግድ አይደለም። የእንግሊዝኛው ግሥ ሰው አያዝልም፤ «አይ» ብለው ካልጠሩት ማን እንደመጣ አይታወቅም። አንድ ምሽት ይህን ስናስረዳ አንዱ አባት «ለአንተ ዩ፣ ለአንቺ ዩ፣ ለእናንተም ዩ አላችሁ፤ ለአንቱስ?» ብለው ጠየቁን። እሱም ዩ ነው አልናቸው። «እንግሊዝ የድሬ ልጅ ነዋ!» አሉ። አንቱታ የማታበዛውን ይህችን ከተማ ለሚያውቅ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለም።

ንባብን በተመለከተም ጎልማሳው ባዶ አይደለም። እንግሊዝኛ እንደተጻፈ አይነበብም ተብሎ ይታማል፤ እውነት ነው። አሁን የሚያነበው «ሪድ» እና ትናንት ያነበበው «ሬድ» አጻጻፋቸው አንድ ነው። ግን እኛስ? «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ነው ወይስ አልደረሰም ማለት ነው? «አለ» ስንልስ ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? የሚጠብቀውንና የሚላላውን ከዐረፍተ ነገሩ ነው የምናውቀው። ይህን ዕውቀት ይዘው የመጡ ሰዎች መሆናቸውን ብንነግራቸው እንግሊዝኛው ያን ያህል አያስፈራቸውም ነበር።

አሁን ወደሚያሳፍረን ነገር እንመለስ። በምዝገባው ቀን እያንዳንዱን «ለምን መማር ፈለጉ?» ብለን ጠይቀን በወረቀት ይዘን ነበር። ወረቀቱን ማኅደር ውስጥ አስቀምጠን ረሳነው። ሰሞኑን አውጥተን ስናነበው እኚያ እናት «የልጄን መድኃኒት ካርቶን ራሴ ላንብብ ብዬ» ብለዋል። ድመት ይማሩልን ያለ አንድም ሰው የለም።

ብራዚላዊው መምህር ፓውሎ ፍሬሬ እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. አንዢኮስ በምትባል ትንሽ ከተማ 300 ያህል ጎልማሶችን በ40 ሰዓት ገደማ ማንበብ ሲያስተምር የጀመረው ሰዎቹ በየቀኑ ከሚናገሯቸው ቃላት ነበር፤ ሸክላ ለሚያነሣ «ሸክላ» የሚለውን ቃል ሰጠው። እኛ ከዚህ ተምረን በድሬ ቋንቋ ውስጥ አስቀድመው የገቡትን ሰበሰብን፦ ሆቴል፣ ባንክ፣ ታክሲ፣ ካርድ፣ ቻርጅ፣ ሚስድ ኮል፣ ባላንስ። ሰው በአፉ የሚያውቀውን ቃል ነው በዐይኑ እንዲያውቅ የምንጠይቀው። ስልኩን አውጥቶ እዚያው ያገኘዋል።

ከስልኩ ይልቅ የሚበልጠው ግን የመድኃኒቱ ካርቶን ነው። እዚያ ላይ ፊደል ብቻ ሳይሆን ቁጥርም ያሳስታል። ካርቶኑ ጫፍ ላይ የማብቂያ ጊዜ ተብሎ 06/2025 ከተጻፈ፣ አንዲት እናት ቁጥሩን በደንብ ብታነብ እንኳ በኛ አቆጣጠር የካቲት 2025 ናትና ገና ብዙ ዓመት አለው ብላ ልጇን ታጠጣዋለች። ካርቶኑ የሚቆጥረው ግን በፈረንጅ ነው። ስድስተኛው ወር ጁን ነው፤ የሚያበቃውም በኛ ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የፈረንጁ 2025 በኛ እስከ ጳጉሜን ድረስ 2017፣ ከመስከረም ወዲህ 2018 መሆኑን ማስተማር የእንግሊዝኛ ሰዋስው ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚከራከረን መምህር ካለ ክፍላችን ይምጣ። እኛ አንድ ሙሉ ምሽት ሰጥተነዋል። በዚያ ምሽት ጥበቃ ከሚሠሩት አንዱ ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን መድኃኒት አውጥተው አዩና ዝም ብለው ወደ ቅርጫቱ ጣሉት።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስታችን ቀፊራ ወርደን እናትየዋን ፈለግናቸው። ቲማቲም እየሸጡ አገኘናቸው። ሁለታችን «እርስዎ» እያልን ስንሽኮረመም የድሬው ልጅ «አንቺ፣ የት ጠፋሽ?» አላቸው። «ሥራ በዝቶብኝ» አሉ፤ ፊታቸውን ወደ ሚዛኑ አድርገው። ያነበቡት በቁቤ ትክክል እንደነበር፣ ያላወቅነው እኛ እንደሆንን ነገርናቸው። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ያን ቀን ለምን አላላችሁም?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ሁለት ኪሎ ቲማቲም ገዛን፤ ሦስት ፍሬ መረቁልን። እመጣለሁም አልመጣምም አላሉም።

ክፍላችን ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። ኦሮምኛና ሱማልኛ የምታነቡ ሁለት ሠልጣኞች እንፈልጋለን፤ እንግሊዝኛችሁ ደካማ ቢሆንም ግድ የለም፣ የኛም ያው ነው። ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ያላችሁ መምህራንና ጓደኞች ደግሞ አትጣሉ፤ ከዚህ ሰሌዳ ሥር ያለው ሣጥን ውስጥ ጨምሩልን።