ይድረስ ለሰዓት ዳኞች

ትናንት ማታ ዶርም ውስጥ የጓደኛችንን «ሮሌክስ» ከእጁ አስወልቃችሁ ሳቃችሁበት። ማስረጃችሁ የሰከንድ ቆጣሪዋ ነበረች፤ ቀጭ ቀጭ ካለች ፎርጅድ፣ ከተንሸራተተች ኦሪጅናል! የት አገር ነው ያላችሁት? ባትሪ የሌለው፣ በሞላ የሚሠራው ፎርጅድም እኮ ይንሸራተታል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ኒው ዮርክ ላይ የተዋናዩ የፖል ኒውማን ሮሌክስ ዴይቶና ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። የማሽኑ መሠረት ግን ቫልዡ የተባለ የሌላ ፋብሪካ ሥራ እንጂ የሮሌክስ አይደለም። በልክነትማ ተራ የባትሪ ሰዓት ይበልጠዋል። ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ ለምኑ ተከፈለ? ለታሰረበት ክንድ ነዋ!

ፎርጅዱን ኦሪጅናል ነው ብሎ የሚሸጥ ሌባ ነው፤ በዚህ አንጣላም። ልጁ ግን ገና ሲገዛው ፎርጅድ መሆኑን ነግሮናል። የሳቃችሁት በሰዓቱ ነው ወይስ በኪሱ? መልስ ያለው በሚቀጥለው እትም ይጻፍ።